ወንድሜን ቀሪ ያልኩበት ገጽ

ኅዳር 15፣ እሑድ

ይህን ደብተር ከነካሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ከቁም ሣጥን ሥር ፈልጌ አወጣሁት። የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ ለማን ልንገረው።

ትናንት የእማማ ወለተሐና ቀብር ነበር። የእድራችን ሕግ ያው ነው። ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ስም ይጠራል፤ ያልመጣ ቀሪ ተብሎ ይጻፋል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። ሰማንያ አራት አባል፣ ለእያንዳንዱ ቀብር አንድ ወረቀት፣ ሁሉም ክላሰር ውስጥ በተራ። ወንድሜ ጋ ስደርስ "ዘአማኑኤል!" አልኩ። ዝም። ደገምኩት። ዝም። ከኋላ አንዱ "ይለፍ እንግዲህ፣ ወንድምሽ አይደል?" አለ። እኔ ደግሞ በሽቄ ጮክ ብዬ "ቀሪ!" አልኩና ጻፍኩ። ሰዉ ቀብር ላይ መሆኑን ረስቶ ሳቀ። "ይቺ ሴትዮ ለእናቷ ልጅም አትመለስም" አሉ። ልዋሽ? ደስ ብሎኛል።

ልቆጣው ቤት ስገባ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ነጭ ጫማውን በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል። ዘአማኑኤል ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዕድሜው ጫማ አጥቦ አያውቅም። ምን ነካህ ብለው ጭቃ ነው አለኝ። በኅዳር የምን ጭቃ? ተውኩት።

ባለ ሱቃችንን ከሊልን ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ኮዬ ፈጬ መንገድ አይሱዙ ገጭቶት አመለጠ ይላሉ። ዘይት ሲጠፋ አንድ ሊትር ደብቆ የሚያቆይልኝ ሰው ነው። ፈጣሪ ያትርፈው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ። ፋብሪካ፣ ምሳ ሰዓት

ቶሎ ልጻፍ። ጠዋት ሰርቪስ ልይዝ ስወጣ ሁለት ፖሊሶች በር ላይ። ቅዳሜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንድምሽ የት ነበር? እሱ ከኋላዬ ቆሟል። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። "ቀብር ነበር፣ ከእኔ ጋር" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ከሰዓት ጣቢያ መጥተሽ ቃልሽን ስጪ ተባልኩ። ከሥራ አስፈቅጃለሁ። ዛሬውኑ ታልቃለች።

ያው ዕለት፣ ከራት በኋላ

ቃሌን የተቀበለኝ ሳጅን አሻግሬ የሚባል መርማሪ ነው። ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ የማይቆጣ ሰው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የጻፈውን አነበበልኝ፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ወንድሜ ከእኔ ጋር ቀብር ላይ ነበር ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄያለሁ የሚል አለበት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ቤት ገብቼ ዘአማኑኤልን አስቀመጥኩት። እሱና ጂራታ የሚባል ሰው አንድ አይሱዙ ይፈራረቁበታል። ጠዋት የጂራታ ነው፣ ከቀትር በኋላ የእሱ። ቅዳሜም በስድስት ሰዓት ተረክቦታል። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ጓ አለ፣ ድንጋይ መስሎት አልቆመም፤ የከሊልን ነገር የሰማው ማታ ነው። "አላየሁትም እትዬ፣ በእናታችን አጥንት" አለኝ። አምኜዋለሁ። እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ ሃያ አራት። በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤት መስታወት ሰብሮ ዩኒት ሊደሯ ስታስጠራኝ "ቤት ነበር፣ አሞት ተኝቶ ነበር" ያልኳት እኔ ነኝ። ያኔም አምነውኛል። ድምፄ ይታመናል መሰለኝ።

አልቋል። ቆርጫለሁ። ከአሁን ወዲያ ቢያርዱኝም ቃሌ ይኸው ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ጂራታን ያዙት። ፍርድ ቤት የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ሰጠበት። አይሱዙው የባለቤቱ ግቢ ቆሞ የፊት መብራቱ ተሰብሮ ተገኝቷል፤ ማን እንዳቆመው ያየ የለም። ጂራታ ለዘአማኑኤል እጅ በእጅ አስረክቤያለሁ ብሏል። ፖሊስ ደግሞ የዘአማኑኤል እህት ቀብር ነበር ብላ ፈርማለች አለው።

እኔ ጂራታ ገጨ አላልኩም። ስሙን አልጠራሁም። ወንድሜ የት እንደነበር ተጠየቅኩ፣ መለስኩ። በቃ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሁለት የእድራችን ሴቶች። አንዷ ቀብር ላይ እኮ አልነበረም አለች። ሌላዋ "ዝም አይነቅዝም" አለቻት። ዞሬ ደህና አደራችሁ አልኳቸው። እንዴት አደርሽልን፣ ልጆቹ፣ ሥራው፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። እኔ ልጅ የለኝም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሰማንያ ሰው ሰምቷል። ቀሪ ስል ሰማንያ ሰው ሰምቶ ስቋል። እንዴት ረሳሁት? አልረሳሁትም፤ ፖሊስ በር ላይ ሲቆም እድሩ ትዝ አላለኝም እንጂ። ሰዉ ግን አይናገርም። ለእኔ ብሎ ሳይሆን፣ የጣቢያ ደጅ መመላለስን ጠልቶ። ይሁን፣ በምንም ምክንያት ዝም ይበል።

ዘአማኑኤል ምሳውን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። የጾም ወጥ አይወድም ነበር።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሳጅን አሻግሬ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። ሰላምታው ረጅም ነው። ከዚያ "እናንተ እድር ስም ትጠራላችሁ አይደል? ጸሐፊዋም አንቺ ነሽ አሉኝ፤ የዚያን ቅዳሜውን ይዘሽልኝ ሐሙስ ነይ፣ ለወንድምሽም ይጠቅመዋል" አለ። እኔም አዎ ይጠቅመዋል አልኩ።

ከሰዓት አንድ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ነቁጡን ሳላይ አሳለፍኩ። ሥራዬ ከተሸመነ ጨርቅ ላይ ነቁጥና እንከን መፈለግ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሱፐርቫይዘሩ አሞሽ ነው ወይ አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አደረግሁት።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ሰማንያ አራቱን ስም በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ በተራ ገለበጥኩ። የመጡት ጎን ምልክት፣ የቀሩት ጎን ቀሪ። ሰባት ቀሪዎች ነበሩ፣ ስድስት ሆኑ። ዘአማኑኤል አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። ስጨርስ ትከሻዬን ሳመኝ። አሮጌውን ወረቀት ስጪኝ ላቃጥለው አለ። እኔ አቃጥለዋለሁ አልኩት።

አላቃጠልኩትም። አጣጥፌ እዚህ ደብተር መሃል ከትቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም ራሴን።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ሳጅኑ በስልኩ ፎቶ አነሣው። "ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል" አለኝ። ፍርድ ቤት ምስክር ሆነሽ ትቀርቢያለሽ፣ ምለሽ ትናገሪያለሽ አለኝ። እሺ አልኩ። 

ኅዳር 29፣ እሑድ

ከሊልን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። አለመሄድ ያስነውራል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሄዷል። ሙዝና ጭማቂ ይዣለሁ። ሚስቱ ሐጀራ ስታየኝ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ሁለት ሳምንት አለፋት ወንበር ላይ ስታድር፤ እሷ ትቀመጥ እንጂ። አልተቀመጥኩም።

የከሊል ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች የለም። ማንም አልነገረኝም ነበር። ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም።

ከሊል ወሬ ይወዳል፣ በመድኃኒት ደክሞም ያወራል። ከባጃጅ ዕቃ ሲያወርድ ነው የተገጨው። ከዚያ ያለውን እንዳለ ልጻፈው። "መኪናው ቆመ። ሹፌሩ ወረደ። አጠገቤ ድረስ መጣ። ፀሐዩ ዓይኔ ላይ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም፤ ጫማው ግን እዚህ ነበር፣ ነጭ ጫማ፣ ደሜ ነካው። ወንድሜ አንሣኝ አልኩት። ተመልሶ ገባ።"

ለፖሊስም ነግሯል። ነጭ ጫማ የሌለው ማን አለ አሉት።

ቀና ብዬ ሐጀራን ማየት አቃተኝ። መሸብኝ ብዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ድንጋይ መስሎኝ ነው ብሎኛል። በእናታችን አጥንት ብሎኛል። እኔስ? ጫማውን ሲፈትግ ያየሁት ቅዳሜ ማታ አይደለም እንዴ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የእኔ ሆድ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ዛሬ ሥራ ሊወጣ ሲል ከሊል ያለውን ነገርኩት። ምንም አልካደም። ደም አይቶ ደነገጠ፣ ሰው መጥቶ ይደበድበኛል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱን አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ቀጥሎ ግን "ጂራታ እኮ የኖረ ሰው ነው፣ ዋስ ይጠራና ይወጣል፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው" አለኝ። መሪ ያስያዘው ጂራታ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን እዚህ ቤት ጠርቼው በልቶ ጠጥቶ መርቆናል።

ይህን ያህል የሰለጠነብኝ እኔ አሰልጥኜው ነው። መስታወቱን የሰበረ ዕለት ጆሮውን ይዤ ይቅርታ አስጠይቄው ቢሆን ኖሮ። ብዬ ብዬ የማይረባ ነገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ የጂራታ ቀጠሮ ነበር። አሥራ አራት ቀን ተጨመረበት፤ የከሊል የሐኪም ማስረጃ አልተሟላም ተብሎ። እኔ ምን አገባኝ፣ ሥራ ገብቼ መዋል እችል ነበር። እግሬ ወሰደኝ።

የጂራታ ሚስት ብዙወርቅ ምሳ ዕቃ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ከኮዬ ፈጬ በሁለት አውቶቡስ በየቀኑ ትመላለሳለች። ልሸሽ ስል አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስድብ እኔም እችላለሁ። ጠጋ ብላ እጄን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የእሷ መዝገብ አይዋሽም ይሉኛል፣ ለወንድሟም አትመለስም ይሉኛል። ጂራታ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ዋሽቶኝ አያውቅም። አንቺ በዓይንሽ አይተሽው ከሆነ ግን ዋሽቶኛል ማለት ነው። አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ሰጠችና ባሏን ሳታይ ሄደች። በየቀኑ ቆማ ታየው ነበር አሉ።

የአንድን ሰው መኪና፣ እንጀራ፣ ነጻነት መውሰድ አንድ ነገር ነው። ሚስቱ የምታምነውን ነገር ወሰድኩበት። በምን? በጥሩ ስሜ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ሰው ማመልከቻ ሲቸግረው እሳቸው ጋ ነው የሚሮጠው። ቀሪ ያልኩ ዕለት አጠገቤ ነበሩ፣ ጃንጥላ የያዙልኝም እሳቸው ናቸው። ፖሊስ መዝገቡን ማየቱንም ሰምተዋል። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ዛሬ ቤታቸው ሄጄ አንድ ሰው ለዘመዱ ብሎ ለፖሊስ ያልሆነ ነገር ቢናገር ምን ይሆናል አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

እንደሚያውቁት ከሆነ ነገሩ ደረጃ ደረጃ አለው። ለፖሊስ የተሰጠ የሐሰት ቃል ራሱ ያስጠይቃል። ጥፋተኛን መሸሸግም ሌላ ጥያቄ ነው። ያንኑ ቃል ችሎት ቀርቦ ምሎ የደገመ ከባዱን ይሸከማል። ማስረጃ የለወጠ፣ ለምሳሌ ወረቀት የገለበጠ፣ እሱ ደግሞ ለብቻው ነው። ለምሳሌ ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ታዲያ እህት መሆን ምንም አይረዳም ወይ አልኳቸው። ዳኛው አይቶ ቅጣት ያቀል ይሆናል፣ ነጻ ያወጣል ብዬ ግን አልመክርሽም አሉ። ከመማሏ በፊት፣ ሰውዬው ሳይፈረድበት፣ በገዛ እግሯ ሄዳ ቃሏን ያቃናች ሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጠበቃ ጠይቂ አሉ።

"ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ አንቺ ግን እያደር ከብዶሻል፣ ልጄ" አሉኝ። አንድ ሰው ያልኩት እኔ መሆኔን በስሙ የጠራው የለም። ሻይ ቀዱልኝ። ጠጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ደግሜ ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ቆርጫለሁ። ኅዳር ላይም ቆርጫለሁ ብዬ ጽፌአለሁ፣ መልሼ ሳነበው አፈርኩ። ያኔ የቆረጥኩት ለመሸሽ ነው።

ለዘአማኑኤል ነገርኩት። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ጣቢያ እገባለሁ። ከእኔ በፊት በእግርህ ከገባህ ለአንተ ይቀላል፣ እኔ አብሬህ እቆማለሁ፤ ካልገባህ እኔ ብቻዬን እገባለሁ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጮኸ። አንቺም ትታሰሪያለሽ አለኝ፤ አውቃለሁ አልኩት። ፋብሪካው ያባርርሻል አለኝ፤ እሱንም አውቃለሁ። በመጨረሻ እናታችን ብትኖር ይህን ታደርጊ ነበር ወይ አለኝ።

"እናታችን ብትኖር ከሊልን መንገድ ላይ ትተህ የመጣህ ዕለት ቤት አታስገባህም ነበር። ያስገባሁህ እኔ ነኝ።"

ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ነጭ ጫማውን አድርጎ ነው የወጣው። አልጠራሁትም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

አልመጣም። ስልኩ አይሠራም።

እድራችን ውስጥ ደግሞ ሰው ሞተ፣ የባቡሩ ጡረተኛ ጋሽ ቀናው። ነፍስ ይማር። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ከአንድም ቀብር ቀርቼ አላውቅም። የእናቴ ተዝካር ቀን እንኳ ለሌላ ሰው ቀብር ወጥቻለሁ። ለሌላ ቀን ላድርገው አልኩ በሆዴ። ወዲያው ሰማሁት፣ ሆዴ ሲያታልለኝ። ነገ ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ለዛሬው ቀብር ወረቀቱን አዘጋጀሁ። ሰማንያ ሦስት ስም፤ ጋሽ ቀናው ወጥተዋል። ከስሜ ጎን ቀሪ ብዬ ጻፍኩ። የወንድሜን ጎን ባዶ ተውኩት። ክላሰሩን ለጋሽ ወልደሰንበት አድርሼ መጣሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ። ተቀብለው አጎንብሰው ጨበጡኝ፣ እሳቸውን የሚያህሉ ሰው።

የኅዳሩን ወረቀት ከዚህ ደብተር መሃል አውጥቼ ቦርሳዬ ከትቻለሁ። ነጠላ፣ ሹራብ፣ ሳሙና። ለብርድ ካልሲ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤት።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ወጣሁ። ረቡዕ ነው፣ በዋስ፤ ዋስ የሆኑኝ ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው። ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው፣ ይከስሰኛል አይከስሰኝም ገና ነው፤ የያዝኳት ጠበቃ ለሁለቱም ተዘጋጂ ብላኛለች። ተዘጋጅቻለሁ። ከሥራ ታግጃለሁ። ሳጅን አሻግሬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያያቸው ምንም አልተገረመም። ባንዱ ቀሪ፣ በሌላው ምልክት ያለባትን ስም በጣቱ ነካ ነካ አደረጋትና "እስካሁን ምን አቆየሽ?" አለኝ።

ዘአማኑኤል ያኑ ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። እኔ ከተናገርኩ ከስድስት ሰዓት በኋላ። ዘግይቷል፣ ግን በእግሩ መጣ፤ ማንም አልያዘውም። በኮሪደሩ ሲያሳልፉት አየሁት፤ ነጭ ጫማውን አድርጓል። ከሊል ያየው ይኸ ነው ብሎ አውልቆ ለመርማሪው ሰጠው። ባዶ እግሩን ሲሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሰለኝ፤ እጄን ነከስኩ እንጂ አልጮህኩም። እንደወጣሁ ሰንደል ጫማ ወሰድኩለት፤ ምሳውንም በየቀኑ እወስድለታለሁ።

ጂራታ ሐሙስ ተለቀቀ። በር ላይ ብዙወርቅ ጠበቀችው። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሁለቱን ሳይ ጊዜው አይደለም ብዬ ተመለስኩ። ቤታቸው ድረስ መሄዴ አይቀርም። ሐጀራ ጋም። እሷ ጋ ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም፣ ግን እገባለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ወልደሰንበት የጋሽ ቀናውን ቀብር ወረቀት አሳዩኝ። ስም የጠሩት ራሳቸው ናቸው። እንደነገሩኝ፣ እኔ ጋ ደርሰው "ሥርጉት" ሲሉ ዝም ሆነ። ከኋላ አንዱ "ይለፍላት" አለ። ጋሽ ወልደሰንበት "ራሷ ጽፋዋለች" ብለው ቀጠሉ። ከእኔ በታች ዘአማኑኤል ነው። እሱ ሲጠራ ይለፍ ያለም፣ የሳቀም አልነበረም። ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ ቀሪ ተብሎ ተሞልቷል። ጽሑፉ የሽማግሌ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ቃሉ ግን ትክክል ነው።